ቀዩ በጥቁሩ ቦታ

የቢቶም ከተማ፣ ፖላንድ ምድር፣ ከሥሩ ባዶ ነው፤
መቶ ዓመት ከሰል ወጥቶ ጉድጓድ ነው የተሸከመው።
ስንጥቁን በኖራ ደፍነን እናድራለን፣
ጠዋት ሌላ ስንጥቅ ቆሞ እናገኛለን።
እንዲህ ባለ ቤት ነው ጊታር የተማርኩት፤
ለዚህ ይሆን እንጃ ወፍራም ድምፅ የወደድኩት።

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አምፕ ስመርጥ ኖሬ
የገባኝ ነገር ቢኖር ጥቂት ነው እስከ ዛሬ፦
ብቻህን ስትጫወት፣ በር ዘግተህ በማታ፣
ቤዙን ከፍ፣ ትሬብሉን ከፍ፣ መሐሉን ዝቅ፣ በደስታ፣
ድምፁ ተራራ ያህላል፤ ጎረቤት ይደነግጣል፤
ከበሮ የገባ ለት ግን ያ ተራራ ይሰምጣል።
መሐሉን የነፈጉትን ድምፅ መድረክ ላይ ማንም አይሰማውም።
ጌይንም እንደ ጨው ነው፤ ሲበዛ ወጡን አታውቀውም።

የእኔዋ ሠላሳ ዋት ናት፤ ትንሽ፣ ቁጡ፣ ጥርሳም፤
መንከሱን ታውቅበታለች፣ ሆድ የሚባል ግን የላትም።
የጌራርድ መቶ ዋት ነው፤ ለሁለት የሚሸከሙት፣
አራት ቫልቭ ከጀርባው እንደ ፍም የሚግልበት፤
ሆዱ ሰፊ፣ ድምፁ ጥልቅ፣ አፉ ግን የታፈነ፣
ጉም ውስጥ እንደሚሄድ ባቡር ቅርፁ የተሸፈነ።
ድሮ፣ አንድ ባንድ ሳለን፣ ጎን ለጎን ነበሩ፤
ስድስት ዓመት ሆናቸው፣ እንደኛው፣ ካልተነጋገሩ።

(ምክንያቱን አትጠይቁኝ። የቫን ኪራይ ነበር።
ወይም ሚሮስዋቫ።
ወይም ሁለቱም።)

የከሰል ቆፋሪዎቹ አዳራሽ ሊፈርስ ቀን ሲቆረጥለት
ቦዜና ለሁለታችንም ደወለች፦ «አንድ ምሽት፤ የመጨረሻው ሌሊት!»
ጌራርድ ጣቶቹን መጋዝ ከበላው ወዲህ አይጫወትም፤
አምፑን ግን አመጣ። አስቀመጠ። ወደ እኔ አላየም፤
ሄዶ ከኋላ ተቀመጠ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ የእሱ ሆድ፣ የእኔ ጥርስ፣
አንዱ የጎደለውን ሌላው ይዞ ሊደርስ።
ስንሰካቸው አጓሩ፣ እንደ ተነካ የንብ ቀፎ።
«የመሬት ሽቦው ነው» አለ አሎይዚ። እዚህ ከተማ፣
መሬትን ማን ያምናል!
ሽቦውን አስተካከለ፤ ጉርምርምታው ቀረ።
ከአንድ ጊታር ሁለት ገመድ፣ ለሁለቱም ሰጠሁ፤
አንድ ኮርድ መታሁና ምን ነካኝ ብዬ ፈራሁ።
ሁለት ሆነው ከአንድ አነሱ! ሆዱም ጥርሱም የለም፤
ከቆርቆሮ ጣሳ የወጣ እንጂ የአምፕ ድምፅ አይመስልም።
ለየብቻ ሲሞከሩ ሁለቱም ደኅና ናቸው፤
አብረው ሲናገሩ ነው የሚበላሉት እርስ በርሳቸው።

አሎይዚ፣ ሰባ ሦስት ዓመቱ፣ የጉድጓዱ መብራት ሠራተኛ የነበረ፣
መዳፉን በአንዱ ስፒከር ጨርቅ ላይ አኖረ፤
ከዚያ በሌላው። ጥቂት ቆየና ሳቀ።
«የሚሉት ነገር አንድ ነው። ግን አንዱ አየሩን ሲገፋ
ሌላው ይስበዋል። በዚህ መሐል ድምፁ ጠፋ።»
በመፍቻ ከጀርባቸው ገባ፤ የትኛው ጋ እንደሆነ አላየሁም፤
ቀዩን ሽቦ ፈታና ሰካ በጥቁሩ ቦታ፣
ጥቁሩን በቀዩ ቦታ። ወጣና «በል ምታ!»
«የማን ነበር የተገለበጠው?»
«ምን ያደርግልሃል?» አለኝ።

መታሁ።
መጀመሪያ ወለሉ ሰማ፤ ከዚያ ጉልበቴ፤ ከዚያ ጆሮዬ።
ከግድግዳው ስንጥቅ የዱሮ ኖራ ረገፈ፣
አንድ ያረጀ የእሳት አደጋ ማስታወቂያ ከምስማሩ ተገነጠለ።
ከኋላ ወንበር ጌራርድ ቀና ሲል አየሁት፤
የቀሩት ሦስት ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ
ያንን አሮጌ ምት ሲቆጥሩት።

ሲያልቅ አምፑን በጋሪ እየገፋ በበረዶው ውስጥ ሄደ።
ደኅና እደር አላለኝም። እኔም አላልኩትም።

ቤት ገብቼ፣ ኮቴን ሳላወልቅ፣ የትንሿን ጀርባ ከፈትኩት።
ቀዩ በጥቁሩ ቦታ ነበር፤ የእኔው ጋ።
መፍቻው እጄ ላይ ነበር። ጥቂት ቆሜ አየሁት፤
መልሼ ክዳኑን ገጠምኩና እንዲሁ ተውኩት።